የሎሚ ብርዝ የማን ሥራ ነው?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር የማያውቅ ተማሪ በመካከላችሁ አይገኝም ብዬ እገምታለሁ። ብዙውን ጊዜ የምትሰሙት በስብሰባ አዳራሽ፣ በልማት ሥራ ላይ ወይም በዕድር ማኅበር መካከል ነው። መልእክቱም ግልጽ ነው፤ አንድን ሰው ብቻውን የሚያጎብጥ ሥራ፣ ብዙዎች ሲካፈሉት ቀሎና አምሮ ይታያል። ይሁን እንጂ ይህን አባባል ከአዳራሹ አውጥተን ወደ ማድ ቤታችን ብንወስደው ምን እናያለን? በብዙዎቻችን ቤት ሃምሳውንም ሎሚ የተሸከመችው አንዲት ሰው ብቻ መሆኗን እናያለን። እርሷም እናታችን ወይም አያታችን ናት።

በዚህ ጽሑፍ የማቀርብላችሁ አስተያየት ከአንድ ተራ ከሚመስል ነገር ይነሣል። ይኸውም በዘጠነኛና በዐሥረኛ ክፍል የሚገኝ ማንኛውም ተማሪ፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ ለቤተሰቡ የሚሆን የሎሚ ብርዝ በገዛ እጁ ሊያዘጋጅ ይገባዋል የሚል ነው። ነገሩ ቀልድ የሚመስለው ተማሪ ቢኖር፣ እስከ መጨረሻው ታግሦ እንዲያነብልኝ እጠይቀዋለሁ።

ከዓመታት በፊት በየካ አካባቢ አማርኛ ሳስተምር፣ የአንድን ነገር አሠራር የሚገልጽ ድርሰት እንዲጽፉ ተማሪዎቼን አዝዤ ነበር። ርእሱን ራሳቸው እንዲመርጡ ተውሁላቸው። ከኋላ መደዳ የሚቀመጥ አንድ ልጅ «የሎሚ ብርዝ አሠራር» የሚል ርእስ ሰጥቶ እንዲህ የሚል ብቻ ጽፎ አመጣ፦ «ሎሚ ይጨመቃል። ማር ይጨመራል። በውኃ ይበረዛል። ይጠጣል።» በሰዋስው በኩል ስሕተት አልነበረበትም፤ ነገር ግን ድርሰት አልነበረም። ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። አራቱም ግሦች ተደራጊ ግሦች ናቸው። ሎሚው ይጨመቃል እንጂ የሚጨምቀው ሰው የለም፤ ውኃው ይጨመራል እንጂ የሚቀዳው፣ የሚያፈላውና የሚያቀዘቅዘው ሰው አይታይም።

«ማን ነው የሚጨምቀው?» ብዬ ጠየቅሁት። «አያቴ ናት» አለኝ። «ውኃውንስ የሚያፈላው ማን ነው?» አልሁት። «እርሷው ናት» አለ። «ውኃው የሚፈላበትንስ እንጨት ማን አመጣው?» ስለው ግን ዝም አለ። አላወቀውም። ስለዚህ ወደ ቤቱ ሄዶ፣ አያቱ ብርዙን ስታዘጋጅ ከአጠገቧ ቆሞ እንዲመለከትና እንዲጠይቃት ነገርሁት።

በሳምንቱ አራት ገጽ ጽፎ መጣ። አያቱ በወጣትነቷ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ እየወረደች ትሸጥ እንደ ነበር፣ ከሽያጩ የተረፋት ሳንቲም ሲኖርም ሎሚ ገዝታ ለልጆቿ ትበርዝ እንደ ነበር በድርሰቱ ውስጥ ጽፎ ነበር። ልጁ ያንን ብርዝ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲጠጣ ኖሯል፤ ታሪኩን የሰማው ግን ገና በዚያ ሳምንት ነው። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ግሡ መለወጡን አየሁ። «ዛሬ እኔ በረዝሁ» ይል ነበር። ከዚያ ዕለት ጀምሮ አድራጊው ታወቀ።

«በረዘ» የሚለው ቃል ራሱ ጥቂት ትኩረት ይገባዋል። ማርን በውኃ ማሟሟት «መበረዝ» ሲባል፣ የሚገኘው መጠጥ «ብርዝ» ይባላል። ብርዝ እንደ ጠጅ ጌሾ ገብቶበት የሚብላላ አይደለም፤ ወዲያው ወይም ብዙም ሳይቆይ ይጠጣል፤ ስለዚህ አያሰክርም። ከጥንት ጀምሮ ለልጆች፣ እንዲሁም በሃይማኖታቸው ወይም በፈቃዳቸው የሚያሰክር መጠጥ ለማይጠጡ ሰዎች በአክብሮት ሲቀርብ የኖረ መጠጥ ነው። በዛሬው አነጋገራችን ግን «ተበረዘ» የሚለው ቃል በአብዛኛው ለነቀፋ ሲውል እንሰማለን። «ባህሉ ተበረዘ»፣ «ታሪኩ ተበረዘ» እንላለን። ማድ ቤት ውስጥ ግን መበረዝ ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም ለብቻው ሲጠጣ የሚከብደውን ማርና ለብቻው ሲቀመስ ጥርስ የሚያጠረውን ሎሚ በልክ አስታርቆ የሚጠጣ ማድረግ ነው። ቃሉን በስድብነቱ ብቻ እያወቅን ሥራውን ከረሳነው፣ የቃሉን ግማሽ አጥተናል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ በአንድ ብርጭቆ የሎሚ ብርዝ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ አብረን እንመልከት። በየካ ክፍለ ከተማ፣ በኮተቤም ሆነ በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በቀበናም ሆነ በመገናኛ የምትኖሩ ተማሪዎች ቀና ስትሉ የእንጦጦን ተራራ ታያላችሁ። የተራራው አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። ሎሚ ውርጭ የሚጎዳው፣ ሙቀት የሚወድ ተክል ስለሆነ በዚያ ብርድ አይመቸውም። እንግዲህ በሾላ ገበያ ተደርድሮ የምናየው ሎሚ በአብዛኛው የመጣው ከቆላና ከወይና ደጋ ገበሬ ማሳ ነው። ማሩም የንብ አናቢው ድካም ነው፤ አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘች ናት።

ውኃውና ማገዶው ግን የእንጦጦን ታሪክ ያስታውሱናል። አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፣ አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ገና መመሥረቷ ነበር። ከተማዪቱ እየሰፋች ስትሄድ በአካባቢው የነበረው የአገር በቀል ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ተመናመነ። የማገዶ እጥረቱ ከተማዪቱን አሳሳቢ ደረጃ ላይ በጣላት ጊዜ፣ መገኛው አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ መጣ። በዚያው ዘመን ከእንጦጦ ምንጭ የተነሣ ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ወርዷል። ውኃው ዕድለኛ ነበር፤ በቧንቧ ወረደ። እንጨቱ ግን ለረጅም ዘመን የወረደው በሴቶች ጀርባ ነው። ዛሬ ብዙ ቤቶች በኤሌክትሪክ ቢጠቀሙም፣ ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ቁልቁለቱን የሚወርዱ እናቶች አሁንም አሉ። «ውኃ ይፈላል» ብለን በአጭሩ የምንጽፈው ዓረፍተ ነገር ይህን ሁሉ ጀርባ በውስጡ ደብቋል።

ወደ አሠራሩ እንለፍ። ስድስት ሰው ላለበት ቤት 6 መካከለኛ ሎሚ፣ 2 ሊትር ውኃና 6 የሾርባ ማንኪያ ማር ይበቃል። ልኩን ለማስታወስ ቀላል ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ሎሚና አንድ ማንኪያ ማር ነው።

በመጀመሪያ ውኃውን አፍሉ። ሎሚ ውኃን ከጀርም ያጠራል የሚል እምነት በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ አለ፤ በዚህ ልትተማመኑ አይገባም። ውኃ ከፍ ባለ ስፍራ ከ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ይፈላል፤ በእንጦጦ ከፍታ ላይ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህም ምክንያት ከ2000 ሜትር በላይ በሆኑ ስፍራዎች ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ ያህል እንዲቆይ ይመከራል። አዲስ አበባ በሙሉ ከዚህ ከፍታ በላይ ናት። ውኃው ከፈላ በኋላ ከድናችሁ አቀዝቅዙት።

ውኃው እስኪቀዘቅዝ ሎሚዎቹን እጠቡ፤ ቢላዋው የልጣጩን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይዞት እንዳይገባ ነው። ቀጥሎም እያንዳንዱን ሎሚ በጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ በመዳፋችሁ እየተጫናችሁ አንከባልሉት፤ እንዲህ ሲሆን ጭማቂውን በቀላሉ ይሰጣል። ለሁለት ቆርጣችሁ ጭመቁት፤ ፍሬውንም በማጥለያ ለዩት፤ ፍሬው በመጠጡ ውስጥ ከቆየ ያመርራልና።

ማሩን ለብ ባለ ጥቂት ውኃ በሚገባ አሟሙት፤ በቀዝቃዛ ውኃ ቶሎ አይሟሟም። ከቀረው ውኃ ጋር ከቀላቀላችሁት በኋላ፣ በመጨረሻ የሎሚውን ጭማቂ ጨምሩ። ጭማቂው በመጨረሻ የሚጨመረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሎሚ ውስጥ የሚገኘውን ቫይታሚን ሲ ሙቀት ይጎዳዋል። የፈለገ ሰው ተወቅጦ የተጨመቀ ዝንጅብል ጠብ ሊያደርግበት ይችላል። ማስቀመጫው ጠርሙስ ወይም ብርጭቆ ጆግ ይሁን፤ የሎሚ አሲድ ከአሉሚኒየም ዕቃ ጋር ስለማይስማማ በብረት ድስት አታሳድሩት። ብርዙም በዕለቱ ይጠጣ፤ ሙቀት ባለበት ከዋለና ካደረ መብላላት ይጀምራል።

እንግዲህ በእያንዳንዱ እርምጃ ውስጥ «ለምን?» የሚል ጥያቄና መልስ እንዳለ አስተዋላችሁን? ያ ልጅ በአራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች የዘለለው ይህን ነው። አሠራርን የሚገልጽ ድርሰት የሚጠነክረው ቅደም ተከተሉ ምክንያቱን ይዞ ሲሄድ ነው፤ ምክንያቱን የሚያውቀውም በአብዛኛው የሠራው ሰው ነው።

ስለ ጥቅሙ ስንናገር ማጋነን አይገባንም። እ.ኤ.አ. በ1747 ጀምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም፣ ድዳቸው በሚደማና ሰውነታቸው በሚዝል 12 የታመሙ መርከበኞች ላይ ሙከራ አድርጎ ነበር። ሁለት ሁለት አድርጎ ከፋፍሎ የተለያየ ነገር ሲሰጣቸው፣ በፍጥነት የተሻላቸው ብርቱካንና ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ነበሩ። የበሽታው ምክንያት የቫይታሚን ሲ እጥረት መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ይህ ቫይታሚን እንደ ሽሮና ምስር ካሉ የእህል ምግቦች የሚገኘውን የብረት ማዕድን ሰውነታችን በተሻለ ሁኔታ እንዲጠቀምበት ያግዘዋል። በአንጻሩ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ይህንኑ ማዕድን ከሰውነት እንዳይዋሐድ ይቀንሰዋል። ስለዚህ በጾም ወቅት ከምሳ ጋር ከሻይ ይልቅ የሎሚ ብርዝ ማቅረብ ብልህነት ነው። ይህ ሲባል ግን አንድ ብርጭቆ የሎሚ ብርዝ የቀኑን የቫይታሚን ፍላጎት ይሞላል ወይም በሽታ ይፈውሳል ማለት አይደለም። ጎመኑም ቃሪያውም ቦታ አላቸው።

አስተያየቴን የሚቃወሙ ሰዎች ሊያነሷቸው የሚችሉ ነጥቦች አሉ። እነርሱንም በየተራ እንመርምር።

አንደኛው፣ «ማር ውድ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ማር ያልተገኘ እንደ ሆነ በልኩ ስኳር መጠቀም ይቻላል። ደግሞም ማር ከስኳር የተለየ ነው ብለን ያለ ገደብ መጨመር የለብንም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ማርንም ከሚገደቡት የስኳር ዐይነቶች ጋር ቈጥሮታል፤ በቀን ከ25 ግራም ገደማ ባይበልጥ የተሻለ መሆኑንም ገልጿል። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ብዙውን ጊዜ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው። ከላይ በተሰጠው ልክ የተዘጋጀ ብርዝ ግን በዚያው መጠን 14 ግራም ገደማ ብቻ ይኖረዋል። ልዩነቱን ያመጣው ማር መሆኑ አይደለም፤ ማንኪያው በእኛ እጅ መሆኑ ነው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በምንም መልኩ እንዳይሰጥ ሐኪሞች ስለሚከለክሉ፣ ታናናሾቻችሁን በተመለከተ ጥንቃቄ አድርጉ። ጥርስንም በተመለከተ፣ ሎሚ ከጠጣችሁ በኋላ አፋችሁን በውኃ መጉመጥመጥ ይጠቅማችኋል።

ሁለተኛው፣ «ለእንግዳ ክብር የሚሆነው ከሱቅ የተገዛ ጠርሙስ ነው» የሚል ነው። ይህ አስተሳሰብ በብዙ ቤት ሥር ሰዷል። እንግዳ በር ሲያንኳኳ አንድ ልጅ በጓሮ በኩል ወደ ሱቅ ይላካል፤ እናትም ለነገው አስቤዛ ያስቀመጠችውን ገንዘብ ትመዝዛለች። የዚህን ችግር ክብደት የሚያውቀው ያየው ነው። ነገር ግን እንግዳን የሚያከብረው የጠርሙሱ ቆርኪ ነውን? ወይስ የቤቱ ልጅ በእጁ ያዘጋጀውን መጠጥ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ሲያቀርብለት ነው? ቡና አፍልቶ እንግዳ የሚያከብር ሕዝብ፣ በገዛ እጁ በበረዘው መጠጥ የሚያፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከአንዳንድ ወንዶች ልጆች የሚመጣ ነው። «ማድ ቤት መግባት የወንድ ሥራ አይደለም» ይላሉ። ለእነዚህ ልጆች የምመልሰው ከራሳችን ባህል ነው። በወንዶች ገዳማት የሚጋግሩትና የሚቀቅሉት እነማን ናቸው? መነኮሳቱ ራሳቸው አይደሉምን? ከቤተሰቡ ርቆ ፊደልና ዜማ የሚቀጽለው የቆሎ ተማሪ ምግቡን የሚያሰናዳው ማን ነው? ራሱ ነው። በየድግሱ ጠጅ ሲያሳልፉ የምናያቸውም አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ናቸው። የተሠራውን ማሳለፍ ወንድነትን ካልነካ፣ መሥራት ሊነካው አይችልም።

በመጨረሻም «ለጥናት ጊዜ ያንሰናል» የሚል ይኖራል። ውኃው በሚፈላበትና በሚቀዘቅዝበት ጊዜ መጽሐፍ ማንበብ ይቻላል። እጅ የሚፈልገው ሥራ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። በየቤቱ ያሉ እናቶች ይህን ሩብ ሰዓት ከእንቅልፋቸው ወይም ከዕረፍታቸው ሲቀንሱ ኖረዋል፤ ልጅ ከጨዋታው ቢቀንስ ፍትሐዊ ነው።

በጥምቀት በዓል ጎረምሶች ለወደዷት ልጃገረድ ሎሚ የሚወረውሩበት ልማድ እንዳለን ታውቃላችሁ። በእኛ አገር ሎሚ የፍቅር መልእክተኛ ሆኖ ኖሯል። እኔ የምጠይቃችሁ የዚህኑ ልማድ ሌላ ገጽታ ነው። በመጪው እሑድ ስድስት ሎሚ ግዙ፤ ለአደባባይ ሳይሆን ለቤታችሁ። እናታችሁን ወይም አያታችሁን «ዛሬ እርስዎ ይቀመጡ» በሏት። እርሷ ተቀምጣ «ውኃው ገና አልበረደም»፣ «ማሩ በዛ» እያለች ታርማችሁ፤ ያ እርማት በደብተር የማይገኝ ትምህርት ነው። ወደ እንጦጦ ፓርክ ከጓደኞቻችሁ ጋር በእግር ለመውጣት ባሰባችሁ ጊዜም፣ ብርዛችሁን በጠርሙስ ይዛችሁ ውጡ፤ ባዶውንም ጠርሙስ ይዛችሁ ተመለሱ። በመንገድ ላይ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርድ እናት ካገኛችሁ ግን ከብርዛችሁ ቀድታችሁ ስጧት።

ከዚያም ወደ ክፍል ስትመለሱ ያደረጋችሁትን ጻፉ። በምትጽፉበትም ጊዜ ግሦቻችሁን መርምሩ። «ሎሚ ተጨመቀ፤ ማር ተጨመረ» የሚል ካለ፣ ሠሪው ማን እንደ ነበረ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ አሁንም «እናቴ» ብቻ ከሆነ ሃምሳው ሎሚ ገና ከእርሷ ጫንቃ አልወረደም። መልሱ «እኔ» ከሆነ ግን፣ ቢያንስ ስድስቱን ተካፍላችኋል።